አመኔታ ያለቀባቸው አራት ቀናት፦ ስለ ኢቲ 302 እና ስለ አሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን (የበረራ ቁጥሩ ኢቲ 302)፣ ከመሬት ከለቀቀ ስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 157 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ስለ ቦይንግ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ሌላው ወገን፣ ሕዝብን እንዲጠብቅ በሕግ ስለተቋቋመው የመንግሥት መስሪያ ቤት ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛ ክብር የነበረው ተቋም ቃሉ እንዴት ዋጋ አጣ?

ኤፍ.ኤ.ኤ. ምንድን ነው? እኛንስ ምን ያገናኘናል?

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው፤ በአጭሩ ኤፍ.ኤ.ኤ. ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ አዲስ የአውሮፕላን ዓይነት መንገደኛ ከማሳፈሩ በፊት ንድፉን መርምሮ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሌሎች አገሮች ተቆጣጣሪዎች፣ ኤፍ.ኤ.ኤ. ካጸደቀው ብለው፣ ከራሳቸው ጥቂት ማጣሪያ ጨምረው ይቀበሉት ነበር። እያንዳንዱ አገር ያንን ሁሉ ምርመራ ከባዶ ለመጀመር ገንዘቡም ባለሙያውም የለውም። ስለዚህ ቦሌ ላይ የመሳፈሪያ ካርዱን ይዞ የተሰለፈው መንገደኛ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን የዋሽንግተን መስሪያ ቤት አምኖ ነበር የሚሳፈረው።

አመኔታውን በትክክል ያጣው መቼ ነው?

ሥሩ የቆየ ቢሆንም ዓለም በዓይኑ ያየው ከእሁድ እስከ ረቡዕ ባሉት አራት ቀናት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን አራት ማክስ አውሮፕላኖቹን ወዲያውኑ ከበረራ አወጣ። ሰኞ ቻይና አገደች። አምስት ወር ሳይሞላ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ማክስ ወድቆ ስለነበር ምክንያቷን በግልጽ ተናገረች፦ ሁለቱም የወደቁት አዳዲስ አውሮፕላኖች ናቸው፣ ሁለቱም የወደቁት እንደተነሱ ነው፣ ይመሳሰላሉ። ኢንዶኔዥያም አገደች። በዚያው ሰኞ ኤፍ.ኤ.ኤ. ለዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ባሰራጨው ማስታወቂያ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ እንደሆነ አረጋገጠ።

ማክሰኞ ሲንጋፖር፣ አውስትራሊያ፣ እንግሊዝ፣ ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ተከታተሉ። ማታ የኤፍ.ኤ.ኤ. ተጠባባቂ ኃላፊ ዳንኤል ኤልዌል መግለጫ አወጡ፦ እስካሁን ባደረግነው ግምገማ ሥርዓታዊ የሆነ ችግር አልታየም፣ አውሮፕላኑን ለማገድ መነሻ የለንም፣ የሌሎች አገሮች ባለሥልጣናትም እርምጃ የሚያስወስድ መረጃ አልሰጡንም የሚል። ያን ማታ ወደ ለንደን መብረር የተከለከለው አውሮፕላን ከዳላስና ከማያሚ መንገደኛ ጭኖ ይነሳ ነበር።

ረቡዕ የካናዳው የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ፣ በሳተላይት የተገኘው የበረራ መረጃ ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው ጋር እንደሚመሳሰል ተናግረው አገዱ። ከሰዓታት በኋላ አሜሪካም አገደች። ዜናውን ለሕዝብ ያበሰሩት ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነበሩ። የሙያ ውሳኔ መስጠት የነበረበት መስሪያ ቤት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ደረሰ፣ ውሳኔውንም ከፖለቲከኛ አፍ ሰማነው።

መረጃ ሳይሟላ አለማገድ ሙያዊ ጥንቃቄ አይደለም ወይ?

ለኤፍ.ኤ.ኤ. ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ችላ ሊባል አይገባም። በእያንዳንዱ ወሬ አውሮፕላን የሚያግድ ተቆጣጣሪ አይጠቅምም። ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያ ቀን ግምትም ብዙ ጊዜ ይስታል።

ነገር ግን መጋቢት 3 ቀን ማታ ጠረጴዛው ባዶ አልነበረም። አንድ ዓይነት አዲስ አውሮፕላን አምስት ወር ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ወድቋል። የመጀመሪያውን ያደረሰው ጉድለት ታውቋል፣ ማስተካከያው አላለቀም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማስረጃ ማምጣት ያለበት ማን ነው? አውሮፕላኑ ደኅና ነው የሚለው ወይስ እንጃ የሚለው? ኤፍ.ኤ.ኤ. ሸክሙን በጠያቂው ላይ ጣለው። ለእኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አናውቅም ማለት ሲገባ ችግር አልታየም ተባለ። እነዚህ ሁለቱ ለሚሳፈር ሰው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኤፍ.ኤ.ኤ. ከኢትዮጵያው አደጋ በፊት ምን ያውቅ ነበር?

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610 ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ኤፍ.ኤ.ኤ. አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። መመሪያው የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ አውሮፕላኑን በተደጋጋሚ ወደ ታች ሊደፍቀው እንደሚችል ይገልጽና አብራሪዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይዘረዝራል። አውሮፕላኑን የሚደፍቀው ሥርዓት ግን ስሙ እንኳ አልተጠራም።

ከሁሉ የከበደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የኤፍ.ኤ.ኤ. ባለሙያዎች የአደጋ ስጋት ስሌት ሠሩ። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ ተጨማሪ ገዳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ስሌቱ አሳየ። ስሌቱን የሠራው ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ነው። ቦይንግ ሶፍትዌሩን እስኪያስተካክል ድረስ ግን አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ፤ እስከዚያው መመሪያው ይበቃል ተብሎ ታመነ።

ይህን ቁጥር ሕዝብ የሰማው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2019፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ችሎት ላይ ነው። ሟቾቹ ከሞቱ ዘጠኝ ወር አልፎ ነበር። አንድ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ የሚያስበውን መገመት አይከብድም፦ ወረቀቱ በመጋቢት ወር እጃችሁ ላይ ነበር። ቀደም ብሎ የተባለው ሁሉ፣ እውነት የነበረውም ጭምር፣ ከዚያ ወዲያ በጥርጣሬ ይነበባል።

ያ ሥርዓት ምንድን ነው? ተቆጣጣሪውስ እንዴት አሳለፈው?

ኤምካስ ይባላል። ማክስ ከቀደሙት 737ዎች የሚበልጡና ወደፊት ገፋ ብለው የተገጠሙ ሞተሮች አሉት። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫው ወደ ላይ ሊያደላ ስለሚችል፣ ኤምካስ በራሱ ወደ ታች ይመልሰዋል። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከንፋሱ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ ኤምካስ በአንድ ጊዜ የሚያምነው ግን አንዱን ብቻ ነበር። በኢቲ 302 ላይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያነብ ነበር። ማንም አብራሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ አንዱ እንደተበላሸ ያውቃል። ኮምፒውተሩ እንዲያነጻጽር አልተደረገም።

እንዴት አለፈ ለሚለው፣ የአሜሪካ ሕግ ኤፍ.ኤ.ኤ. የማረጋገጫ ሥራውን ከፊል ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ደመወዛቸውን ቦይንግ እየከፈላቸው በመንግሥት ስም ይፈርማሉ። ውክልናው በራሱ አዲስ አይደለም፣ ኤፍ.ኤ.ኤ. ሁሉንም ቦልት ቆጥሮ አይዘልቀውም። ማክስ ላይ ግን ሚዛኑ ተዛባ። ቦይንግ በሙከራ ወቅት የኤምካስን ኃይል ከመጀመሪያው ንድፍ በብዙ እጥፍ ሲያሳድገው፣ ኤፍ.ኤ.ኤ. ውስጥ ማወቅ የነበረባቸው ቁልፍ ሰዎች አላወቁም። ኤምካስን የሚያስረዳው ክፍል ከአብራሪዎች ማኑዋል እንዲወጣ ቦይንግ ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የኤፍ.ኤ.ኤ.ን ቁጥጥር እጅግ ጎዶሎ ብሎታል።

አብራሪዎቹ ጥፋት አለባቸው መባሉ ለምን ያን ያህል ቁጣ ቀሰቀሰ?

በሜይ 2019 ዋሽንግተን ውስጥ በተደረገ ችሎት፣ አንድ ከፍተኛ የምክር ቤት አባል አሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። የኤፍ.ኤ.ኤ. ተጠባባቂ ኃላፊም የአብራሪዎቹን አያያዝ ነቀፉ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ በሯል። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ መሠረት ኤምካስ አፍንጫውን የሚደፍቅበትን የጅራት ክንፍ የኤሌክትሪክ ማስተካከያ አጥፍተዋል። ከዚያ ማስተካከያውን በእጅ በሚዞረው ተሽከርካሪ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ረዳቱ አልሠራ እንዳለ ተናገረ። በዚያ ፍጥነት የአየሩ ግፊት ተሽከርካሪውን በእጅ ለማዞር አስቸጋሪ ያደርገዋል። መመሪያውን ያወጣው መስሪያ ቤት መመሪያውን የተከተሉትን ሟቾች ሲወቅስ፣ የሚሰማው ሕዝብ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ነው የሚጠብቁት ብሎ ቢደመድም ምን ይገርማል?

ስለ በረራ አያያዙ የሚነሱ የሙያ ጥያቄዎች አሉ፤ ፍጥነቱ መጨመሩ ከነዚህ አንዱ ነው። ምርመራ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ተቆጣጣሪው የራሱን ድርሻ ሳይናገር አስቀድሞ ሲያነሳቸው ግን ሰበብ ይመስላሉ።

ጥቁሩ ሳጥን ለምን አሜሪካ አልሄደም?

ኢትዮጵያ ማንበቢያው ስላልነበራት ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ላከችው። አውሮፕላኑ የአሜሪካ ሥሪት ስለሆነ ወደ ዋሽንግተን መላክም ይቻል ነበር። ከመግለጫ ሁሉ በላይ ይህ ውሳኔ ይናገራል።

የኢትዮጵያ ተቋማትስ እንከን የለባቸውም?

አለባቸው፣ መናገሩም ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት በጊዜው ወጣ፤ የዚያን ጊዜዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስም በአደባባይ አቀረቡት። የመጨረሻው ግን የወጣው በዲሴምበር 2022 ነው፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ሚና ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ቢስማሙም፣ የበረራ ሠራተኞቹ አያያዝ በበቂ አልተዳሰሰም ብለው አስተያየታቸውን ለብቻ አሳተሙ። ሴንሰሩ ለምን ተበላሸ በሚለውም ተለያዩ፦ የኢትዮጵያ ሪፖርት የኤሌክትሪክ ችግር ሲል አሜሪካኖቹ ከውጭ አካል፣ ምናልባት ከወፍ ጋር በመጋጨት ነው አሉ። አገሬን ብወድም፣ ሪፖርት የሚታመነው ለራስ ወገን የማይመቸውንም ጥያቄ ፊት ለፊት ሲመልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ለያሬድና ለአሕመድኑር ስምም የሚጠቅመው ይኸው ነበር።

ይህ የአውሮፕላን ጉዳይ ብቻ ነው?

አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቆጠብ የመጠጥ ውሃው ምንጭ ወደ ከተማዋ ወንዝ ተቀየረ፤ ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል ግን አልተጨመረም። ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውሃው ገባ። ነዋሪው ቡናማ ውሃ በጠርሙስ ይዞ ስብሰባ ላይ ሲጮህ ባለሥልጣናት ደኅና ነው ይሉ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እንኳ የሞተር ዕቃዎቼን አዛገብኝ ብሎ በኦክቶበር 2014 ውሃውን ተወው። በጃንዋሪ 2015 እዚያው ፍሊንት ላለው የግዛቱ መስሪያ ቤት ሕንፃ የታሸገ ውሃ ቀረበ፤ ለሕዝቡ ግን የቧንቧው ይጠጣል ይባል ነበር። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሃና በሴፕቴምበር 2015 የሕፃናቱ ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን በቁጥር ስታሳይ መጀመሪያ ያጣጣሏት የግዛቱ ሹማምንት ናቸው። ከዓመታት በኋላ ምርመራ በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈቀደው ገደብ በታች መሆኑን ሲያሳይም፣ የታሸገ ውሃ መግዛት ያልተዉ ብዙዎች ነበሩ። ተሳስታችኋል ብሎ ማን ይፈርድባቸዋል?

የኤፍ.ኤ.ኤ. አመኔታ ተመልሷል?

በከፊል፣ በዝግታ። ማክስን በኖቬምበር 2020 ሲፈቅድ አውሮፓ እንደ ድሮው ወዲያውኑ አልተከተለም፤ የራሱን ምርመራ አድርጎ በጃንዋሪ 2021 ፈቀደ። የቻይና አየር መንገዶች ማክስን ወደ መንገደኛ በረራ የመለሱት በ2023 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፌብሩዋሪ 2022 መለሰው። ዓለም አንድ ፊርማ ይበቃ የነበረበትን ዘመን ትቶታል፣ ወደዚያ የሚመለስም አይመስለኝም።

ለውጥ የለም ማለት ግን ግፍ ነው። በጃንዋሪ 2024 ከአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 ላይ በአየር ላይ እያለ የበር መክደኛ ሲገነጠል፣ ማንም ሳይሞት፣ ኤፍ.ኤ.ኤ. በማግስቱ 171 አውሮፕላኖችን አገደ፤ ቦይንግ በወር ከ38 ማክስ በላይ እንዳያመርትም ከለከለ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህ ፍጥነት ቢኖር ብሎ የማይቆጭ ማን አለ?

የሟች ቤተሰቦች ለምን እስከ ዛሬ አልተዉም?

መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17ቱ ኢትዮጵያውያን ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦች የተሰጣቸው ከአደጋው ስፍራ የተነሳ አፈር ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠይቁት እውነቱን ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከካናዳ፣ ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ ተሰባስበው የምክር ቤት ችሎቶችን ሞሉ፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ተቀመጡ፤ በዲሴምበር 2020 ለወጣው የአውሮፕላን ማረጋገጫ ማሻሻያ ሕግም የእነሱ ጉትጎታ ትልቅ ድርሻ አለው።

ከዚያም ሌላ መስሪያ ቤት ያንኑ በደል ደገመው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2021 ከቦይንግ ጋር በኩባንያው ላይ የቀረበውን የወንጀል ክስ የሚያዘገይ ስምምነት ሲፈርም ቤተሰቦቹን አላማከረም። ሟቾቹ በሕጉ አነጋገር የወንጀል ተጎጂዎች ናቸው ብሎ ፍርድ ቤት የወሰነው በኦክቶበር 2022 ነው። ያዘነን ሰው ሳያነጋግሩ ስለ እሱ መፈራረም በእኛ ባህል ብቻ ሳይሆን የትም ነውር ነው።

የመንግሥት መስሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። የዚያን ማክሰኞ መግለጫ እንዴት መጻፍ ይቻል ነበር?

እንዲህ፦

«አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አዳዲስ አውሮፕላኖች አምስት ወር ሳይሞላ ወድቀው 346 ሰዎች ሞተዋል። የሁለቱ ምክንያት አንድ ይሁን አይሁን ዛሬ አናውቅም። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ በሠራነው ስሌት፣ ጉድለቱ ካልተስተካከለ ሌላ አደጋ ሊከተል እንደሚችል ደርሰንበታል፤ ስሌቱን ከዚህ መግለጫ ጋር አያይዘናል። ማስተካከያው ገና አላለቀም። ስለዚህ የኢትዮጵያው አውሮፕላን ጥቁር ሳጥን እስኪነበብ ድረስ ማክስ አይበርም። ነገ በዚሁ ሰዓት ያገኘነውንም ያላገኘነውንም እንነግራችኋለን።»

እዚህ ውስጥ ያለው መረጃ በሙሉ የዚያን ማክሰኞ ማታ ኤፍ.ኤ.ኤ. እጅ ላይ ነበር።